ከአዳማ ባቱ «ሕፃን ይዘናል» ብለን

አዳማ፣ ጎህ ሲቀድ

የአዳማ ንፋስ ገና አልተነሣም፤ ባጃጆቹ ግን ተነሥተዋል። እኔ በትንሿ ቪትዜ መሪ ላይ፣ ባለቤቴ ገመቹ ከኋላ፣ አጠገቡ በሕፃን ወንበሯ የታሰረችው የአራት ወሯ ልጃችን ሲፈን። ባቱ ያሉት አማቴ የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩም፤ እሷም ከከተማ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ትናንት ለባጃጅ ጥቅስ የሚያትም ሱቅ ሄጄ በቀይ «ሕፃን ይዘናል» አስጻፍኩና የኋላ መስታወት ላይ ለጠፍኩት።

«ይህን አንብቦ ማን ይጠነቀቃል?» አለ ገመቹ።

«ታያለህ!» አልኩት። በመኪና ጉዳይ እኔ ከተናገርኩ ተናገርኩ ነው።

ሞጆ፣ ለቁርስ

ሞጆ ሳንገባ ጽሑፉ ሥራውን ጀመረ፤ እኔ እንዳሰብኩት ግን አልነበረም። አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እንደ ሰርግ መኪና እያንባረቀ ጎናችን መጣ። ሾፌሩ መንገዱን ትቶ እኛን እያየ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪዎቹም ልጅቷን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ሲፈን ብንን ብላ አለቀሰች።

«አየሽ፣ ተጠነቀቀልሽ!» ገመቹ በሳቅ ፈረሰ።

ተናድጄ ነበር። የሞጆ ጨጨብሳ በማር ባይኖር ኖሮ ቀኑን ሙሉ አላናግረውም ነበር።

ከቆቃ ወዲያ

አሮጌውን መንገድ ይዘናል። ግራና ቀኝ የሽንኩርት ማሳ፣ ግራር፣ ጋሪ፣ አህያ። አንድ ባዶ አይሱዙ መጥቶ ከኋላዬ ተለጠፈ። በመስታወት የሚታየኝ ግንባሩ ብቻ ነው። ብጨምር ይጨምራል፣ ብቀንስ ይቀንሳል፣ ቀኜን ይዤ እለፍ ብለውም አያልፍም። ፍሬን መንካት ፈራሁ፤ ብይዝ መጀመሪያ የሚያገኘው ልጄን ነው።

መቂ፣ ረፋድ ላይ

መቂ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆምኩ። አይሱዙውም ቆመ። በሩን በርግጄ ወረድኩ። ሾፌሩ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

«ምን አድርጌዎት ነው እንዲህ የሚያሳድዱኝ?»

«እኔ?» ደነገጡ። «ማሳደድ አይደለም ልጄ። ሕፃን ይዘናል ብለሽ አደራ ጻፍሽ፣ አነበብኩት። ታዲያ አደራ ተሰጥቶኝ ጥዬሽ ልለፍ? ከኋላሽ ሌላ እብድ እንዳይገባ ዘግቼልሽ ነው የመጣሁት።»

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ሰውየው ከልባቸው ነው። ደግነታቸው ግን ፍሬን አይሆንልኝም።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አህያ ድንገት ገብቶብኝ ብቆም፣ ልጄ ላይ የሚወጡት እርስዎ ነዎት። አደራውን ራቅ ብለው ይጠብቁልኝ።»

አይሱዙአቸውን አዩ፣ የእኔን ቪትዝ አዩ። «ሐቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ጎንበስ ብለውም ሲፈንን አዩዋት። «ማሻአላህ! አላህ ያሳድጋት።»

ባቱ፣ እኩለ ቀን

ልንገባ ትንሽ ሲቀረን አንዲት ጥጃ ከግራር ሥር ዘላ መንገዱ መሐል ገባች። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። መኪናዋ ተንሸራትታ ቆመች። ወደ መስታወቱ ቀና ያልኩት እየፈራሁ ነው።

አይሱዙው ሩቅ ቆሟል። በመሐላችን ባዶ አስፋልት አለ። ሰውየው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ያወዛውዛሉ። ሲፈን አልነቃችም። እኔ ግን አለቀስኩ።

አማቴ በር ላይ «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ልጅቷን ከእጃችን ሲወስዱ ገመቹ ወደ ኋላ መስታወቱ ሄደ።

«እንግዲህ ይላጥ?»

«እንዳትነካው! አዳማ ስንመለስ ከሥሩ አስጨምርበታለሁ» አልኩት። «ራቅ ብላችሁ ጠብቁልን።»