ለልክ የተንበረከከው ሙሽራ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ኦስሎ፣ ፉሩሴት ነው። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ በረዶው ቀልጦ ሰው ካፖርቱን መጣል በጀመረበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ትልቅ ነገር ስለሆነ አይደለም። ስንት ለፍተንበት ያልተፈታ ነገር፣ ማንም ሳያስበው በእኔ ሳሎን ወለል ላይ ስለተፈታ ነው።

ሥራዬ ልብስ ማስተካከል ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አሮጌ ልብስ እየተረተርኩ መልሼ እየሰፋሁ ነው የተማርኩት። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ግንቦት ሲደርስ ኖርዌጂያኖቹ ጎረቤቶቼ ቡናድ የሚሉትን የአገር ልብሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ክረምቱን ሙሉ ሲበሉ ከርመው «ጨርቁ ጠበበ» ይሉኛል። እኔም «አዎ፣ ጨርቅ እንዲህ ያደርጋል» እያልኩ አሰፋላቸዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሽ አሥራት የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሳራ የምትባል አንድ ልጅ አለችው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ያኔ ነርስነት የምትማር። እሷ ደግሞ ካለም የሚባል ልጅ ወደደች። እናቱ ኖርዌጂያን ናት፤ ከእሷ ጋር እዚሁ ኦስሎ፣ ሮመን ነው የሚኖረው። አባቱ ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ልጁ ገና ትምህርት ቤት እያለ ሞቶበታል።

ጠቡ የተጀመረው በአበባ ነው። ካለም አበባ ይዞ ብቻውን ጋሼ ቤት ሄደና «ከሳራ ጋር ለመጋባት ወስነናል» አለ። እሱ ጨዋነት መስሎታል፤ በአገሩም ጨዋነት ነው። ጋሼ ግን ተቃጠለ።

«አስታወቀኝ እንጂ መች ጠየቀኝ? ልጄን እንደ አውቶቡስ ሰዓት ነገረኝ!»

ሽማግሌ እንላክ ብንለው «ወስኖ የለም እንዴ፣ አሁን ምን ሊጠይቅ ነው?» አለን። የሳራ እናት ለመነችው፣ እኔ ለመንኩት፣ ንስሐ አባቱም ተናገሩት። አልሰማም። ሠርጉ ለነሐሴ ተቆርጧል፤ እሱ ግን የካለም ስም ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። ሳራ አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥታ «ያለ ፓፓ ምርቃት ማግባቱንስ አገባለሁ፤ ግን አክስቴ፣ የሠርጌን ፎቶ ማየት አልችልም» ብላ አለቀሰች። ያን ቀን ከእሷ ጋር አለቀስኩ እንጂ ምንም አላደረግኩላትም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ ልክ ትለኪልናለሽ?»

«የማንን?»

«የካለምን። ለሠርጉ ኪልት ሊያሰፋ ነው። ስኮቶቹ የሚለብሱት... ቀሚስ አትበይ ብቻ!»

«አልልም። ጉርድ ልበለው?»

«ኔይ፣ ኔይ፣ አይሆንም! አማርኛ ባይገባውም ሳቅሽን ይሰማል፣ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።»

መጡ። ካለም በጣም ረጅም ስለሆነ የቤቴ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጫማውን አውልቆ ከኪሱ መዳፍ የምታክል የሱፍ ቁራጭ አውጥቶ ሰጠኝ። ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ካሬ ሆኖ ቀጭን ቢጫ መስመር ያቋርጠዋል። እኔ ጨርቅ ካየሁ ሁሉን እረሳለሁ። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሽመናውን አገላበጥኩት።

«ይቺ ቢጫ ናት የእኛን ቤት የምትለየው» አለኝ። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ጥለት እንዳለው፣ የምትሰፋለት ሴት ስልክ ሲደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችው የወገብ ልኩን ሳይሆን «የማን ወገን ነህ?» ብላ እንደሆነ ነገረኝ። የእኛ ጥለት ለውበት ነው፤ የእነሱ ግን የዘር ሐረግ ነው ማለት ነው። አንድ ዘመን መንግሥት ይህን ልብስ በሕግ ከልክሎባቸው ነበር አለ። «ግማሹን ነገር በኋላ ነጋዴዎች የፈጠሩት ነው የሚሉም አሉ» ብሎ ሳቀ። «አባቴ ግን ያምንበት ነበር።»

«የአባትህ ኪልት የት ሄደ ታዲያ? እሱን አላስተካክልልህም?»

«እሱን ለብሶ ነው የተቀበረው።»

ከዚያ በኋላ ቀልዱን ትቼ ሜትሬን አነሳሁ።

የሰፊዋ ትእዛዝ ብዙ ነበር፤ ሳራ በስልክ እንደሰማችው ታነብልኛለች። ልብሱ ሰባት ሜትር የሚያልፍ ጨርቅ ይፈጃል። ከኋላ ሲሸነሸን መስመሮቹ ሳይፋለሱ ያንኑ ጥለት መልሰው መሥራት አለባቸው፤ ስለዚህ ልኩ ትንሽ ከተዛባ ሁሉም ይበላሻል። ሰው ራሱን በራሱ እንዳይለካ። ርዝመቱ ደግሞ ቆሞ አይለካም፤ ሰውየው ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ከእምብርቱ ትይዩ እስከ ወለሉ ነው።

ካለም ተንበረከከ። እኔ ከኋላው ቁጢጥ ብዬ ሜትሩን ያዝኩ። አንገቱን ወደ እኔ እያዞረ አስቸገረኝ።

«አትነቃነቅ! እኔ እስክልህ እንዳትነሳ» አልኩት በኖርዌጂያንኛ።

በሩ ተከፈተ።

ጋሼ የእኔን ቤት ደወል ደውሎ አያውቅም፤ እጀታውን ይዞ ነው የሚገባው። የሥራ ሱሪውን እንዳሳጥርለት ሰጥቶኝ ነበር፤ እሱን ሊወስድ ነው የመጣው። ልጆቹ እኔ ዘንድ እንደሚመጡ አልነገርኩትም። ከካለም ጀርባ ዝቅ አልኩ።

እሱ ያየው ይህን ነው፤ ያ ረጅም ልጅ ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ተንበርክኮ። እኔ ሜትሬን ይዤ ከኋላው ተደብቄያለሁ። ካለም ሲያየው ደነገጠና አንገቱን ደፋ። በእኛ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጉልበት ስሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጋሼ በሩን ከኋላው ዘጋ። ከዚያ በአማርኛ «ተነስ» አለው።

ካለም አማርኛ አይሰማም። እኔም እንዳትነሳ ብዬዋለሁ። አልተነሳም።

በእኛ ወግ ደግሞ ከልቡ የመጣ ሰው በመጀመሪያው «ተነስ» አይነሳም። የጋሼ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ሁለት እርምጃ ቀረበ።

«ተነስ እንጂ፣ ልጄ» አለ።

«ልጄ» ያለው አምልጦት ነው። ካለም አሁንም አልተነቃነቀም። ጋሼ እጁን አንስቶ ራሱ ላይ ጫነ።

«እግዚአብሔር አንድ ያድርጋችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። እንጀራችሁን ይባርክላችሁ። ክፉ አይንካችሁ።»

እኔ ከኋላ ሆኜ ምን ልበል? «አሜን» አልኩ። ሳራ ሄዳ ካለም አጠገብ ተንበረከከች፤ በጆሮው አንድ ነገር ስትለው ጎንበስ ብሎ የጋሼን ጉልበት ሳመ። ሦስቱም ሲያለቅሱ እኔ የለካሁት ቁጥር ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በመሐረቡ ፊቱን ከጠረገ በኋላ ነው እጄን ያየው።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ሜትር።»

«የምን ሜትር?»

ያሳደገኝን ሰው እንዴት ልዋሽ? «ጋሼ... ልክ ስለካው ነበር የገባኸው። ለልብስ ነው የተንበረከከው» አልኩት። ሳራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ካለም ዞሮ ራሱ በኖርዌጂያንኛ ጠየቀው።

«ለእኔ አልነበረም የተንበረከክከው?»

ካለም አልዋሸም። «መጀመሪያ ለልብሱ ነበር» አለ። «እርስዎ ሲገቡ ግን፣ ከተነሳሁ ተመልሰው የሚወጡ መሰለኝ። ስለዚህ አልተነሳሁም።»

 የተመረቀ ምርቃት አይመለስም ይባላል፤ የጋሼን ልብ ግን እኔ አውቀዋለሁ፣ ሲከፋው ምንም አያስቆመውም። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ደግሞስ ምን ዓይነት ልብስ ነው ሰው የሚያንበረክክ?»

የሱፏን ቁራጭ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ካለም ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገረው፤ ስለ ቢጫዋ መስመር፣ ስለ ወገኑ፣ አባቱ ለብሶት ስለ መቀበሩ።

«ከወገብ በታች ነው? እግር የለውም?» አለ ጋሼ።

«ኪልት ነው፣ ፓፓ፣ ቀሚስ አይደለም» አለች ሳራ ቶሎ ብላ።

«ሽርጥ ነው በሉኛ! አፋሩ ይለብሰው የለም እንዴ? እስቲ ማን ደፍሮ ሴት ይለዋል!»

ያን ጊዜ የሳቅነው ሳቅ ታች ድረስ ተሰምቷል፤ ጎረቤቴ በማግስቱ ጠይቃኛለች። ጋሼም ሳቀ። ጨርቋን ግን አልመለሰም፣ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ቆየ። «አባትህ የት ነው ያረፈው?» አለው። ካለም ባሕር የከበበው ትንሽ ደሴት ላይ ነው አለው። ጋሼ ራሱን ነቀነቀና ተነሳ። ሊወስድ የመጣውን ሱሪ ረስቶ ሄደ።

ካለምን መልሼ አንበርክኬ እንደገና ለካሁት። ኪልቱ በሐምሌ መጣ፤ ጫፉ ጉልበቱ ላይ ልክ ሆኖ አረፈ። ነሐሴ ላይ ጋሼ ልጁን ክንዷን ይዞ አስገባት። ሳራ ፎቶዎቹን ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቅላቸዋለች።

አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ቀድሜ «ጋሼ፣ ተሳስተሃል» ብዬ ጮኼ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እላለሁ። አፌን የያዘው ድንጋጤዬ ነው፣ ብልሃቴ አይደለም። ስህተቱን ግን እወደዋለሁ። ሁለቱም እልኸኞች ነበሩ፤ አንዱ ቀድሞ ጎንበስ ማለት ነበረበት፣ ጎንበስ የሚልበትን ምክንያት ልብሱ ሰጠው።

በዓመቱ፣ እረፍቱን ሁልጊዜ ለሥራ ባልደረቦቹ የሚለቀው ጋሼ የአንድ ሳምንት እረፍት ጠየቀ። ወዴት ነው ብንለው «ለቅሶ ልደርስ» አለን። ከካለም ጋር በአውሮፕላን፣ ከዚያም በመርከብ ወደዚያ ደሴት ሄደ። ጥቁር ሱፉን ለብሶ መቃብሩ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ቆመ አለኝ ካለም። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለካለም አስያዘውና በድንጋዩ ዙሪያ የበቀለውን ሣር በእጁ ነቀለ።