የማር ብልቃጥ

አፊያ ሳሊሕ ድምጿ ትንሽ ነው። ዳንግላ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው የአባቷ የማር ሱቅ ውስጥ ቆማ ስትሸጥ እንኳ፣ «አ?» ብሎ ጆሮውን ወደ ባንኮኒው ሳያስጠጋ ዋጋ የሰማ ገዢ የለም። ታናሿ ሀዲያ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር እየተሰዳደበች፣ ከገጠር ማር ጭነው ከሚመጡት ሽማግሌዎች ጋር በአውንጊ ቋንቋ እየተቀላለደች አደገች። «እሷ ታስብ፣ እኔ እናገርላታለሁ» ትል ነበር። እውነትም የሚኖሩት እንደዚያ ነበር። አፊያ መምህር የምትጠይቀው ነገር ካለ ሀዲያ ትጠይቅላታለች። ልብስ ሰፊው ቀሚስ ካጠበበባት ሀዲያ ሄዳ ትጣላላታለች። በመካከላቸው የአምስት ዓመት ልዩነት ነበር፤ ታላቋ የትኛዋ እንደሆነች ግን እንግዳ ሰው በቀላሉ አይለይም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ሀዲያ ስልኩን ይዛ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጣች፤ ቆይታ ቆይታ ዝም ብላ ወረደች። ሀዲያ ዝም ስትል ነገሩ ለቤቱ ሰው ሁሉ ገባው።

«ሁለት መቶ ዘጠና አራት» አለች።

ፈተናው ከስድስት መቶ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹ ያስፈልጋል። ስድስት ነጥብ ጎደላት። አፊያ ሦስት ቀን ከጓዳ አልወጣችም። በኋላ ግማሹን ላጡ፣ ግን ለተጠጉት፣ ሪሚዲያል የሚባል ማካካሻ ትምህርት መኖሩን ሰምታ ያስመዘገበቻት ያቺው ሀዲያ ናት። ወራት ተምራ ዳግመኛ ተፈተነች፤ አለፈች። የአንደኛ ዓመቱን የጋራ ትምህርት ጨርሳ ባዮኬሚስትሪ መረጠች። ትምህርት ክፍሉ የሚቀበለው በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ደህና ውጤት ያላቸውን ብቻ ስለነበር ዝርዝሩ እስኪለጠፍ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስሟ ከታች ሁለተኛው ላይ ተገኘ።

«ይኼ ባዮኬሚስትሪ የምትይው ምንድን ነው ልጄ?» አላት አባቷ ሳሊሕ።

«የሕያው ነገር ኬሚስትሪ ነው አባ። ማር ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን...»

«ያልቃላ!» አለች ሀዲያ ከወዲያ። «ይኼን ለማወቅ አራት ዓመት?»

ዩኒቨርሲቲው ከኢንጅባራ ወዲያ፣ በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እዚያ አፊያን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። አብራት የምትኖረው የጥሊሊዋ ሜላት «ሪሚዲያል» ትላታለች፤ ክፋት የላትም፣ ሳሙናዋንና ዳቦዋን የምታካፍል ልጅ ናት፤ ግን ትላታለች። አፊያም ፈገግ ትላለች። ከፈገግታው በታች ያቺ ስድስት ነጥብ ነበረች። ከጓደኞቿ የተለየ መልስ ባገኘች ቁጥር የተሳሳተችው እሷ እንደሆነች አትጠራጠርም፤ ትክክል የሆነውን ትሰርዝና የጎረቤቷን ትጽፋለች።

ደስ የሚላት ላብራቶሪ ነው። እዚያ መናገር አያስፈልግም። የተቆረጠ ድንች ላይ አዮዲን ጠብ ስታደርግ ድንቹ ጠቁሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርች አለበት ማለት ነው። እንቁላል ነጩ ላይ የባዩሬትን ውህድ ስትጨምር ሐምራዊ ይሆናል፤ ፕሮቲን ነው። ቀለሙ ራሱ ይናገራል። እንደ ሀዲያ።

ረመዳን ገብቶ ነበር። የላብራቶሪው መምህር ክንዴ አርብ ዕለት፣ ሰኞ ጠዋት ሁሉም የራሱን ሽንት በንጹህ ብልቃጥ ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። ስኳር መኖሩንና አለመኖሩን የሚያዩበት ሙከራ ነው።

«የወር አበባ ላይ ያላችሁ አይሆንም፤ ደም ውጤቱን ያበላሻል» አለ ለአርባው ተማሪ። «ንገሩኝና ሌላ ቀን ትሠራላችሁ።»

አፊያ የወር አበባዋ ላይ ነበረች። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ትመርጣለች እንጂ ይኼን ለወንድ መምህር አትናገርም። ሜላትንም ብትሆን ሽንትሽን ስጪኝ ማለት አልሆነላትም። ቅዳሜና እሁድን ቤት ሄደች፤ መሄጃዋ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሀዲያን ጓሮ ጠርታ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከችላት።

ሀዲያ በሳቅ ፈነዳች። «የኔ ሽንት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ! ያውም ሳይፈተን!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ አባ ይሰማል።»

«ይስማ! ደግሞ እንኳን ለአንቺ፣ ለመላው ክፍልሽ ይበቃል። ሰሞኑን እሱ ብቻ ነው ሥራዬ።»

አፊያም ሳቀች። ሀዲያ ከስታ ነበር፤ አንገቷ ቀጥኖ፣ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እየወጣ ያስቸግራታል። ግን ረመዳን ነው፤ ማን ያልከሳ አለ? ትናንት ለኢፍጣር ሲቀመጡ አንድ ጆግ ውሃ ብቻዋን ጠጥታ እናቷን ሀሊሜን «ጨምሪልኝ» ብላታለች። የጾመ ሰው ይጠማዋል። እናቷም ይኼንኑ ብላ፣ እንዲያበረታት በውሃ የተበጠበጠ ማር፣ ብርዝ፣ ደርባ ሰጥታታለች።

ቤቱ ውስጥ ያለው ብልቃጥ ሁሉ የማር ነው። አፊያ አንዱን መርጣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበችው፤ አልታመን ብሏት እንደገና አጠበችው፤ ዘቅዝቃ አደረቀችው። ሀዲያ ሞልታ፣ ክዳኑን ጠርቅማ፣ በሁለት እጇ እንደ ስጦታ አቀረበችላት።

ሰኞ ጠዋት እያንዳንዱ ተማሪ ሰማያዊውን የቤኔዲክት ውህድ ቴስት ቲዩብ ውስጥ ቀዳ፤ ስምንት ጠብታ ሽንት ጨመረ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆመ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፤ ስኳር በበዛ መጠን ወደ ቀይ ይሄዳል። አርባ ቴስት ቲዩብ ተደርድሮ ሰላሳ ዘጠኙ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። የአፊያ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎ ቢጫ፤ ቀጥሎ ብርቱካን። አምስት ደቂቃው ሲሞላ እንደ አዲስ ሸክላ ቀላ።

ክንዴ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። «ይኼ የማን ነው?»

«የሪሚዲያል!» አለች ሜላት።

«ያንቺ ነው?»

አፊያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የሷ እንዳልሆነ ብትናገር፣ ለምን የሌላ ሰው አመጣሽ የሚለው ይከተላል።

«እውነት ያንቺ ቢሆንማ እዚህ አትቆሚም ነበር፤ ሆስፒታል ነበርሽ» አለ ክንዴ፤ ብልቃጡን አንስቶ አገላበጠው። «ምን ነበረበት?»

«ማር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ክንዴም ሳቀ፤ ደግ ሳቅ ነበር። «በይ ሐሙስ በንጹህ ብልቃጥ ድገሚው። ለምን እንደቀላም ሪፖርትሽ ላይ አስረጂ።»

አጥቤዋለሁ ልትል ነበር። ብልቃጧን ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሁለት መቶ ዘጠና አራት ያመጣች ልጅ፣ አርባ ሰው በሚስቅበት ክፍል ውስጥ፣ አጥቤዋለሁ ብላ ልትከራከር ነው? ምናልባት በደንብ አልታጠበ ይሆናል አለች በልቧ። ማታ ሲሆን «ምናልባት» የምትለዋ ጠፍታ፣ በደንብ አለመታጠቡን ራሷ አምናው ነበር።

ሐሙስ የወር አበባዋ አልፎ የራሷን ይዛ ሄደች። ሰማያዊ።

«አየሽ?» አለ ክንዴ።

አየች። ያን ዕለት ሪፖርቷን ንጹህ በሆነ የእጅ ጽሑፏ ጽፋ አስረከበች።

በሳምንቱ እናቷ ደወለች። «ሀዲያ ደክማለች፤ ጾሙ ጎድቷታል መሰለኝ። አፍርሺ ብላት መች ትሰማኛለች። አባትሽ ነጩን ማር ለሷ ብሎ አስቀምጦ፣ ብርዝ እየበጠበጥኩ ነው የማቆማት።»

አፊያ አልጋዋ ላይ ቀና አለች። «ውሃስ ትጠጣለች?»

«ተይኝ እስቲ! እንደ ፈረስ ነው የምትጠጣው።»

የሸክላው ቀለም ዓይኗ ላይ መጣ። «እማ...»

«ወዬ?»

ልትለው የነበረው አጭር ነገር ነው፤ ነገ ሽንቷን አስመርምሯት። ግን ቲቸር አይቶ ፈርዷል፤ ሪፖርቱም ተጽፏል። እናቷን በከንቱ አስደንግጣ፣ አባቷን ሱቅ አዘግታ፣ መጨረሻው የማር ብልቃጥ ሆኖ ቢገኝስ?

«ምንም። ሰላም በይልኝ።»

ከዚያ አራት ቀን ኔትወርክ ጠፋ። ሲመለስ የደወለው አባቷ ነው፤ ድምፁ እንደሷ አንሶ ነበር። ሀዲያ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አትለይም፣ ሩቅ እንደሮጠ ሰው ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ክሊኒክ ወስደዋት ጣቷን ወግተው ደሟን ሲያዩ፣ ስኳሯ መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ሆነ። አሁን መኪና እየተፈለገ ነው፤ እንደተገኘ ወደ ኢንጅባራ ሆስፒታል ይነሳሉ።

አፊያ የላብራቶሪ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ሚኒባስ ተሳፈረች። ቀድማቸው ኢንጅባራ ደረሰች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች። የሚመጣ መኪና ሁሉ የነሱ እየመሰላት ወደ መንገዱ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ሰዎች ነጭ ልብሷን አይተው ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ ይጠይቋታል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ስልኳ ጮኸ።

«አትጠብቂን» አለ አባቷ። «መንገድ ላይ፣ አዲስ ቅዳም ስንደርስ... ተመልሰናል። ወደ ቤት ነይ ልጄ።»

ሀዲያ በማግስቱ ማለዳ ተቀበረች። ኢድ የዋለው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እነሱ ቤት ግን ድንኳን ነበር። አባቷ ለሚመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል። «አብራን የሄደችው ነርስ፣ ሽንቷ ቀደም ብሎ ታይቶ ቢሆን ትድን ነበር አለችኝ። እኛ ምን እናውቃለን? ማን ያየው ነበር?» ሰዉም «የአላህ ውሳኔ ነው» ይላል። አፊያ መጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ትሰማለች። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ትሰማለች።

በአስረኛው ቀን ሜላት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ለቅሶ ለመድረስ መጣች። አቅፋት አለቀሰች፤ «ሪሚዲያል» አላለቻትም። ልትሄድ ስትል ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለሳሊሕ ሰጠችው። «ቲቸር ልኮላት ነው ጋሼ። ከክፍሉ ከፍተኛውን ያመጣችው እሷ ናት፤ ትጽናናበት ብዬ ነው።»

ሳሊሕ እንግሊዝኛ አያነብም። ራስጌው ላይ በቀይ የተጻፈውን አስር ከአስር ግን አነበበ። ከብዙ ቀን በኋላ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት ወረቀቱን ከማሩ ቆርቆሮ በላይ፣ ገዢ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ለጠፈው።

አፊያ ምሳ ይዛለት ስትመጣ አየችው። የያዘችውን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«አንብቢልኝ እስቲ» አላት። «ሰው ምንድን ነው ሲለኝ የምለው አጣሁ።»

«አባ፣ ተወው።»

«አንብቢልኝ ልጄ።»

አነበበችለት። የሙከራውን ዓላማ፣ የተጠቀሙበትን ዕቃ፣ ስምንቱን ጠብታ በአማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። መምህሩ በቀይ አስምሮ «በጣም ጥሩ ማብራሪያ» ብሎ የጻፈበት መስመር ላይ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ።

«አ?» አለ አባቷ ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ።

«በመጀመሪያው ሙከራ የታየው ቀይ ቀለም» አለች፣ «ብልቃጡ በደንብ ባለመታጠቡ፣ ከቀረበት ማር የመጣ ነው።» ቀጥላ እዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ተናገረች፤ ሽንቱ የማን እንደነበረ፣ የትኛው እሁድ እንደነበረ።

በር ላይ አንድ ጋሪ ቆመ፤ ነጂው «ጋሽ ሳሊሕ!» ብሎ ተጣራ፤ መልስ ሲያጣ ሄደ። ሳሊሕ እጁን ዘርግቶ ከመደርደሪያው አንድ ባዶ ብልቃጥ አነሳ፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፤ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«አጥበሽው ነበር?» አላት።

ይኼን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«በሙቅ ውሃ» አለች። «ሁለት ጊዜ።»