ስም ያልወጣላቸው ረድፎች

በመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ «ወንፊቷ» ይላታል። ፕሮግራመር ናት፤ በእሷ ኮድ ያለፈ መረጃ ንጹሕ ነው ተብሎ ይታመናል። ምን እንደምትሠራ ስትጠየቅ «ዝርዝር ተቀብዬ ዶክመንት አደርጋለሁ» ትላለች፣ በቃ። ከሠንጠረዡ አንዱን ረድፍ ታነሣና ስሙን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ እያንዳንዱን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መሀል ታስገባዋለች። ኤክስኤምኤል የሚሉት ይኸው ነው። የቀረውን ኮዱ ራሱ እየደጋገመ ይጨርሰዋል፤ እሷ ሻይዋን ትጠጣለች።

ያን ሰሞን የመጣላት የከተማው መቃብር መዝገብ ነበር። በመቃብሩ መሀል መንገድ ሊያልፍ ነው። ዶክመንት የወጣለት ሰው አፅሙ በክብር ተነሥቶ ወደ አዲሱ ስፍራ ይሄዳል፤ ያልወጣለት ቦታ ባዶ መሬት ተብሎ በግሬደር ይደለደላል። ሠንጠረዡ ውስጥ እዚህም እዚያም የስም ቦታው ባዶ የሆነ ረድፍ ነበረና ወንፊቷ አንዲት መስመር ጨመረችበት፦ ስም ከሌለው እለፈው። ማንም ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ አትፍረዱባት።

ሥራው አለቀና አለቃዋ «እጅሽ ይባረክ!» አላት። በማግስቱ ከዶክመንቶቹ የተሠራው ካርታ መጣ። ከግንቡ ሥር ያለችው ጥግ ነጭ ሆና ወጥታለች። ወንፊቷ ክው አለች። ያቺን ጥግ እንዴት አታውቃት! ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር እየሄደች አረም የነቀለችባት ናት። ታላቅ ወንድሟ ያለው እዚያ ነው፤ በተወለደ በጥቂት ቀኑ፣ ስም ሳይወጣለት የሞተው። አጠገቡ ያሉትም እንደሱው ያሉ ጨቅላዎች ናቸው። ሁሉንም በገዛ እጇ አልፋቸዋለች።

አለቃዋ ጋ ሮጠች። እኩያዋ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ።

«ተቀባዩ ሲስተም ስም የሌለውን አይቀበልም» አላት። «‹ያልታወቀ› ብለሽ ሙዪውና ገላግዪን! ግሬደሩ ሰኞ ይገባል።»

ቤት ስትገባ እናቷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ነጯን ጥግም አልደበቀችም። «እማዬ፣ ስም ከሌለው ‹ያልታወቀ› በይ ብለውኛል» አለች።

እናትየው የያዙትን አንሶላ አስቀመጡት። «ያልታወቀ? ማን ነው ያላወቀው? ዘጠኝ ወር ተሸክሜው፣ ጡቴን አጥብቼው፣ እኔ አላውቀውም?»

«እሺ፣ አንቺ ስም አውጪለታ።»

«አላወጣም! አባትሽ ‹እሑድ እናወጣለታለን› አለ፤ ልጁ እሑድን አላያትም። አሁን ለኮምፒውተርሽ ይመቸው ብዬ ስም አልሰጠውም። ደግሞስ ጎረቤቶቹ? ለነሱ ማን ሊያወጣላቸው ነው?»

እናቷ እውነታቸውን ነው፤ ወንፊቷን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

በነጋታው አለቃዋን በር ላይ ያዘችው። «ያልታወቀ ብዬ አልሞላም። የስሙ ቦታ ባዶ ይሁን። መዝገቡ የእናት ስም አለው፤ እሱን አስገባለሁ። ተቀባዮቹን ደውለህ አሳምናቸው፣ ካልሆነ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጠው!»

አለቃውን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። አጉረመረመ፣ አጉረመረመና ደወለ። ከቀትር በኋላ እሺ አሉ።

«እለፈው» የሚለውን መስመር አጠፋችው። ኮዱን እንደገና አስኬደችው፣ ያቺ ጥግም በካርታው ላይ ሞላች። ወይ ጉድ፣ ስንት ነበሩ! ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

የወንድሟን ዶክመንት አትማ ወደ ቤት ወሰደችው። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ቦታው አለ፣ ቀኑ አለ፤ የስሙ መክፈቻና መዝጊያ ምንም ሳይዝ ተቀምጧል። ከሱ በታች፣ «እናት» በሚለው ምልክት መሀል፣ የራሳቸውን ሙሉ ስም አገኙት።

«ሲቀበር እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ» አሉ። «መዝገቡን ማን አሳይቶኝ! ሰዉም ‹ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ› እያለ ዝም አሰኘኝ። አንድም ቀን የሱ እናት ያለኝ ሰው የለም።»

ወረቀቱን ወደ ልጃቸው አዞሩት።

«አየሽ? እናቱ ናት ይላል።»