የእንግዴ ልጅ ስንቅ

ማራኪ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ናት። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። አንድ ልጇ ነህምያ «ጃጁራ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ከቤት ወጣ፤ የደወለላት ግን ከኬንያ ነበር፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የምትሰማው አልፎ አልፎ ነው። ከሥራ ስትመለስ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ የሚለውን ግን አትሰማም። የሚያብሰለስላት መሄዱ ብቻ አይደለም። ስንቅ አልቋጠረችለትም። ባዶ እጁን ነው የሸኘችው፣ ያውም መሸኘቷን ሳታውቅ።

አምና ዕንባቆም የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ እንግዴ ልጅና ስለ እትብት ሊያጠና መጣ። እናቶቹ ሲፈቅዱ አዋላጇ ርብቃ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ትቆርጣለች፤ ቁራጩን አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ የምትከተው ማራኪ ናት። መምህሩ በመጣ ቁጥር በር ላይ ሆኖ «እትዬ ማራኪ አሉ?» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚፈልጋት ሌላ ሰው አልነበራትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ይፈልግ የነበረው ግላይኮጅንን፣ ሰውነት ለችግር ቀን የሚያስቀምጠውን ስኳር ነበር።

«ምንም የለበትም» አለ። «እንዲህ ከሆነ ጥናቱን ሌላ ቦታ ልወስደው ነው።»

ርብቃ ሳቀች። «እትዬ ማራኪ አጥባው እንዳይሆን! እሷ እኮ ሳሙናንም ታጥባለች።»

ማራኪ አልሳቀችም። ሌሞ ገጠር ውስጥ እናቷ እንግዴ ልጅን አጥባ ነበር እንሰት ሥር የምትቀብረው። የነህምያንም እንዲሁ አድርጋለች። ሕፃን የመገበ ነገር ከነደሙ አይጣልም ትል ነበር። ማራኪ ዝም ብትል ጥናቱ ይሄዳል፤ ብትናገር ደግሞ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል ብላ ፈራች።

«አጥቤዋለሁ» አለች። «ደሙ እስኪለቅ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ።»

ዕንባቆም ግንባሩን ያዘ። «ታዲያ ውሃው ወስዶታላ! ስኳር እኮ ነው፣ እትዬ።» እጁን ከግንባሩ አወረደና «ግድ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ከነደሙ ይክተቱት። የሚገኘውንም ራስዎ መጥተው ያያሉ» አለ።

ከነደሙ መክተት እጇን ከበደው። ቢሆንም እንደተባለችው አደረገች፤ ከቁራጩ የቀረውን እንግዴ ልጅ ግን እንደ እናቷ አጠበችው።

መምህሩ ቃሉን ጠብቆ ጠራትና በማይክሮስኮፕ አሳያት። ቀለም በነካው ሥጋ ውስጥ ደማቅ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ይኸው። የልጁ ጉበት ራሱን እስኪችል እንግዴ ልጁ እንዲህ ያስቀምጥለታል።»

«እናትየዋ ታውቃለች?»

«የት ታውቃለች? ከምትበላው ላይ እየተነሳ ነው የሚቀመጠው።»

ማራኪ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

ቤቷ እንደ ወትሮው ጭር ብሎ ጠበቃት። ሬዲዮውን አልከፈተችም። ራቷን አቅርባ አንገቷን ደፋች።

«ጌታ ሆይ፣ ሳላውቅ ያስቋጠርከኝ ስንቅ ነበር ለካ። ተመስገን። ነህምያ ባለበት ባርክለት።»

ከዚያም ብቻዋን በላች።