በፈረሰው ሜዳ ኖራ ያፈሰሰው ሰው

የምሥራች! ተፈቀደ! ማኅተሙ ተመታ፣ ፊርማው ተፈረመ፤ ከዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ቁጥር አሥራ አራት ባለቤት አግኝቷል።

ባለቤቱ ፋንታሁን ነው። የሆሳዕናው ፋንታሁን፤ በስደት የሚነግድባት የካትሌሆንግ ሰፈር ደንበኞቹ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» እያሉ የሚጠሩት፣ ስሙን ለመያዝ አንድም ሰው ያልተቸገረለት። እሱ ግን፣ እኔ ጎረቤቱ ከኋላው ተሰልፌ እንዳየሁት፣ ዜናውን ሲሰማ አልዘለለም። «እሺ» አለና የሚቀመጥበት ፈለገ። ደክሞታል ሰውየው።

ድካሙ የጀመረው ሜዳው የፈረሰ ጊዜ ነው። የሁለት ጨዋታ ሜዳ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤዝቦል፣ ከሰዓት እግር ኳስ። የፋንታሁን ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቁ፣ አጥሩ ሥር የቆመች ኮንቴይነር ነበረች። ዘበኛው ኖራውንና አካፋውን ሌባ እንዳይወስድበት እሱ ጋ ማሳደር ጀመረ፤ ዘበኛው ጡረታ ሲወጣ ሥራውም እዚያው ቀረ። ማንም ሥራው ብሎ ሳይሰጠው ፋንታሁን የሜዳው ሰው ሆነ።

ቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው የሚቆምበት የአፈር ጉብታ ይፈልጋል። ጉብታው ደግሞ የሚውለው እግር ኳሱ ሜዳ ጥግ ላይ ነው፤ የማዕዘን ምት የሚመታው ልጅ እየተደናቀፈ ይወድቅበታል። ስለዚህ ፋንታሁን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ለሚስቱ ለኤርጎጌ ትቶ ይወጣና ጉብታውን በአካፋ ይንዳል፣ የቤዝቦሉን መስመር ይጠርጋል፣ የእግር ኳሱን በኖራ ያሰምራል። በሳምንቱ ያንኑ አፈር መልሶ ይከምራል። እንዲህ ሲንድና ሲከምር ስንት ዓመት ቆየ! በኋላ የተመልካቹ ጣሪያ ተሰነጠቀና ሜዳው ተዘጋ፤ ብረቱን ሌቦች እየነቀሉ ወሰዱት፤ የቀረውን በፈረንጆቹ 2021 ቡልዶዘር ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ኮንቴይነሯ አራት ቦታ ዞራለች። አንዱ ጋ ተነሱ ይባላሉ፣ ሌላው ጋ ውኃ ይገባባቸዋል። ሜዳው በነበረበት ቦታ የገበያ ሕንፃ ሲሠራና ቀድሞ እዚያ ይነግዱ ለነበሩ ሱቅ ይሰጣል ሲባል፣ ኤርጎጌ ቁርጡን ነገረችው፦ እዚያ ካገኘ አብራው አለች፤ ካላገኘ ግን ልጆቿን ይዛ ሆሳዕና ትገባለች። ሻንጣዋንና ልጆቿን ይዛ መሃል ከተማ፣ ዱርንፎንቴን፣ እህቷ ቤት ከገባች ዛሬ ሳምንቷ ነው።

ጉዱ ያለው ፎርሙ ላይ ነበር። እዚያ ቦታ ንግድ የጀመረበትን ዓመት ሲጠይቁት ፋንታሁን 2003 ብሎ ሞላ። አገር የገባበት ወረቀት ደግሞ 2010 ይላል። የሱቅ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ውሸታም ብሎ መለሰው። እሱም ለምን እንደሚሰድቡት ሳይገባው፣ ጎህ ሳይቀድ እየተሰለፈ ያንኑ 2003 ደግሞ ደጋግሞ ይሞላል። የዳቦ ማለቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያነብ የሚውል ሰው፣ ከአገሩ የወጣበትን ዓመት ግን ከአገሩ ይዞት እንደመጣ ሳይመነዝረው ኖሯል።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር። ጀፕስታውን ሰፈር ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍለው ጓደኛው አዩብ ሊያስተረጉምለት አብሮት ገባና ፎርሙን ሲያይ ግንባሩን ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ በኛ አቆጣጠር ነው እንዴ የጻፍከው?»

ፋንታሁን ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረው። «የመጣሁት በ2003 ነዋ።»

«ሰባት ዓመት ከዋሸህ አይቀር አሥር አታደርገውም ነበር?»

አዩብ ነገሩን ለኮሚቴው አስረዳ። ሰብሳቢዋ ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ናት፤ እንግዲያው እናንተ አገር ብሄድ ዕድሜዬ ገና ሃያ አምስት ነው ብላ ሳቀች፣ ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር ካለ ያምጣ፣ ባይሆን እንኳ እዚያ የነበረ ሰው ስለ ሜዳው ያውቃልና ይናገር አለች።

ፋንታሁን ሰው የሚያሳምንበት አቅም አልነበረውም። ግማሹን በዙሉ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ስለ ጉብታው፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ተሰነጠቀው ጣሪያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። ከኋላ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ባባ ምቴምቡ ቀና አሉ። የቤዝቦሉ አሠልጣኝ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ መልኩን አልለዩትም።

«ከመቺው እስከ መጀመሪያው ቤዝ ስንት እርምጃ ነው?» አሉት።

«በእኔ ሠላሳ ስድስት፣ ባባ። ዝናብ የጣለ ለታ ሠላሳ ሰባት፤ ጭቃው እግሬን ይይዘኝ ነበር።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። «ያ መስመር ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጣመም ነበር! ስንት ዓመት ስረግምህ ኖርኩ፣ ማይ ፍሬንድ። እሱ ነው። ጻፉለት።»

ተጻፈለት። ፋንታሁን ወረቀቱን ተቀብሎ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ፣ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። አዩብ ኤርጎጌ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው፣ የእህቷም አይነሳም። እህቷ ትናንት እንዳለችው፣ ስድስት ሰዓት ላይ የአገር ቤት ትኬት ልትቆርጥ ትወጣለች። አሁን አምስት ሊሆን ነው። ፋንታሁንን ለመቀስቀስ አንጀት የለኝም፤ ወደ ከተማ የሚሄደው ታክሲ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። ሳትወጣ ልድረስባት።