ሰነፍ ያልኳት ሴት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ስነግራቸው ኖሬያለሁ፤ ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

ጉብሬ ላይ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከመከፈቱ በፊት፣ ወልቂጤ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ፈለቀች የምትባል የገጠር ሴት እንሰት ስትፍቅ አዳልጧት ወድቃ፣ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሮ መጣች። ጀሶውን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። አጥብቄ ያሰርኩትም እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ጣቶቿ ከማበጣቸው የተነሳ ያብረቀርቃሉ።

«ዶክተሬ፣ እሳት ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ትንሽ አላላልኝ» አለችኝ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ስትለኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር «ስብራት እኮ ነው፣ ቻይው» ብዬ መለስኳት። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ እንኳ አላልኳትም። ጀሶውን ሰንጠቅ ባደርገው ምን ነበረበት?

ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል። እጇ ግን ቀልቶ ያልበዋል፤ የነጠላዋ ጫፍ ሲነካት እንኳ ትጮኻለች። የሕመሙን ስም ባላውቀውም ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ያኔውኑ ጠርጥሬያለሁ።

መስቀል ሲደርስ ባሏ ከአዲስ አበባ መጣ። ፈለቀች በዚያ እጇ እንሰት መፋቅ አልቻለችም፤ ለመስቀል ቆጮ ያላዘጋጀች ሴት ደግሞ በእኛ በጉራጌ አገር ሰነፍ ነው የምትባለው። ክሊኒክ ድረስ ይዟት መጥቶ «ዶክተር፣ ድኗል ወይስ አልዳነም? እናቴ ስንፍና አመሏ ነው ትላለች» አለኝ። እሷ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ከኋላው ቆማለች። የምትጠብቀው አንድ ቃል ከእኔ ነበር።

«አጥንቱ ገጥሟል፤ ምንም የለባትም። ሥራ ጠልታ ይሆናል» አልኩት።

ለጉራጌ ሰው ስለ ሚስቱ ይህን አልኩት፤ እሷ እየሰማች። የራሴን ጥፋት ለመሸፈን ነው ያልኩት። ስሟን ለማደስ ስትል በዚያው በሚያማት እጅ እያለቀሰች እንሰት እንደፋቀች ጎረቤቷ መጥታ ነገረችኝ። እኔም ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ላይ፣ አሠልጣኙ ከአንጓ ስብራት በኋላ ሕመሙ የማይለቀው ማንን እንደሆነ ዘረዘረልን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልክ በላይ የሚያመው፣ ጀሶ የጠበቀበት፣ ጣቶቹን ያላንቀሳቀሰ። ሴቶች ላይ ይበዛል አለ። ሁሉም የፈለቀች ነበር። «ጀሶ ሳይጠብቅም ይመጣል» ሲል እፎይ አልኩ፤ ወዲያው በራሴ ተናደድኩ። ጀሶውን ያጠበቅኩት ባለማወቅ ነው እንበል። ለባሏ ያልኩትስ? ላለመዋሸት ሥልጠና ያስፈልጋል እንዴ?

ቆይቶ ወልቂጤ ገበያ አገኘኋት። እጄን ስዘረጋ ግራዋን ሰጠችኝ፤ ቀኙ መንምኖ ጣቶቹ ተኮማትረዋል።

«ይቅርታ ዶክተሬ፣ በግራዬ ነው» አለችኝ።

እኔም «ምንም አይደለም» አልኳት።

እናንተ ይቅር ብትሉኝ ለእሷ ምን ይፈይድላታል? ያን ቀን ገበያው ውስጥ ባሏ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆጮ ይገዛ ነበር። ጠርቼ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። አልጠራሁትም።