ገና ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። የሰው ስህተት ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት ከእሱ ጋር መውጣት ማለት በየሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ ማስታወቂያ እያነበቡ፣ "እዚህ ጋ ሐመሩ ሐ ነበር የሚገባው" መባል ነበር። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። የግራው ቀድሞ ጠፋ፤ የቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፈነው። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ አስያዘንና፣ "እንሞክራለን፤ ግን ብዙ ተስፋ እንዳታደርጉ" አለን። በመልሱ መንገድ አባቴ አንድም ማስታወቂያ አላረመም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ወረፋው ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ይዞ የሚያቆየው ነገር ፍለጋ፣ ነገሥታትና ዘንዶዎች የሚፋጁበት፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ጡብ የሚያክል ልብ ወለድ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ቦታ ይዘን፣ እሱ ማኪያቶውን እየጠጣ አነብለት ጀመርኩ።

መከራው ስሞቹ ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ገጽ "ጥርግስትምር" የሚባል ግዙፍ ሰው ከጫካ ይወጣል። ፊደሉ ሁሉ ሳድስ! የቱ ጋ እንደምተነፍስ ጠፋኝ። አንዴ "ጥርግ ስትምር" አልኩ፤ አንዴ "ጥር ግስትምር"።

"ስንት ሰው ነው ከጫካው የወጣው?" አለ አባቴ።

"አንድ ነው፣ አባዬ።"

"ታዲያ ምስኪኑን ለምን ትቆራርጪዋለሽ?"

ሰውየው በሦስተኛው ምዕራፍ ሁለት በሬ ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር፣ አባቴ "ይሄማ የአትክልት ተራ ተሸካሚ ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "አትክልት ተራ" ሆነና ተገላገልን።

ትልቁ ጠብ የመጣው ግን በአጭሩ ስም ነው። ዋናው ጀግና "ገና" ይባላል። ሁለት ፊደል፣ ሕፃን የሚያነበው። እኔ እንደ በዓሉ አጥብቄ አነበብኩት። አባቴ እጁን አነሳ።

"ይላላል።"

"በምን አወቅህ?"

"በሰኔ ዝናብ 'ገና ፈረሱን ጭኖ መጣ' ስትዪ፣ የሰማሽ ሰው ምን ይልሻል?"

"ሲላላማ ይብሳል! መጣ ነው ወይስ ገና ነው?"

ፊደላችን ደግሞ ገላጋይ አይሆንም፤ ይጥበቅ ይላላ ሳይናገር ዝም ብሎ ይቀመጣል። አስተናጋጇ ሳትቀር ወደ እሱ ወገነች፤ ማኪያቶ ባመጣች ቁጥር "ገና ምን ሆነ?" ትላለች፣ እያላላች፣ እኔን እያየች። አንድ ቅዳሜ ጀግናው ከድልድይ ይወድቅና ሠራዊቱ ሁሉ ሲያለቅስ፣ አንድ ወታደር ወደ ወንዙ እያመለከተ "ገና አልሞተም!" ብሎ ይጮኻል። አባቴ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

"አየሽ! ሲላላ ሁለት ጊዜ ያስደስታል።"

ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ዓይኑን ረስቶት ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ስንት ገጽ እንደቀረን ለማየት መጨረሻውን ገለጥኩ። የተርጓሚው ማስታወሻ እዚያ ተቀምጧል፤ ስሞቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚናገር። "ገና" ከሚለው ስም "ና"ዋ ላይ፣ ይጠብቃል ለማለት፣ የትንኝ ዓይን የምታክል ሁለት ነጥብ ተደርጎባታል። ልክ ነበርኩ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ፒያሳን ሙሉ አሳውጄ ነበር። ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው ግን ይሄን መንገር አልሆነልኝም። መጽሐፉን ከደንኩና፣ በቀጣዩ ቅዳሜ አላልቼ አነበብኩለት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለበኋላ አቆየነው።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሐኪሙ እጁን አሳየው።

"ስንት ነው?"

"ጣት ነው" አለ አባቴ። ስንት እንደሆነ አልተናገረም።

"ቀስ እያለ ይጠራ ይሆናል" አለ ሐኪሙ። "ይሆናል" የምትለዋን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬክ ቤት ተቀምጠን የመጨረሻውን ምዕራፍ ልጀምር ስል፣ አባቴ "ስጪኝ" ብሎ መጽሐፉን ወሰደ። ወደ መስኮቱ ዞረ። በአራሚነቱ ጊዜ እንደሚያደርገው ከኋላ ጀምሮ መግለጥ ያዘ። ገጹን አፍንጫው ድረስ አስጠጋው፤ አራቀው፤ መልሶ አስጠጋው። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ምን ይታይሃል ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ፊቱ በራ።

"እስክሪብቶ አለሽ?"

"ምን ያደርግልሃል?"

"'ና' ላይ ሁለት ነጥብ አስቀምጠዋል። ስህተት ነው።"

እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ሁለቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ሰረዘና ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ። "ሲላላም እኮ ያምራል።"